ከማጣሪያው በፊት የመጣ መርዶ

ይህ የደረሰው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ትልቅ ነገር ነው ብዬ አይደለም የምጽፈው። ሥራ ላይ ሆኜም፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም ድንገት እየመጣ ስለሚያስቸግረኝ፣ ከጻፍኩት ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

የምሠራው የካ ውስጥ፣ ዳገቱ ላይ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ ነው። ኃላፊ ነኝ ይባላል እንጂ አልጋ የማነጥፈውም፣ እንግዳ የምቀበለውም፣ ቧንቧ ሲደፈን ሠራተኛ ፍለጋ የምሮጠውም እኔው ነኝ። በዚያ ሰሞን አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ወልዳ፣ ሌላዋ ሥራ ለቃ ነበር። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መንገዳችን ተቆፍሮ መኪና ስለማይገባ እንግዶች ሻንጣቸውን ተሸክመው በጭቃ ነበር የሚወጡት። ተኝቼ ስነሳም ድካሙ እዚያው ነበር።

እንዲህ ባለሁበት ነው ሴቶቹ የመጡት።

ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ የአንድ አገር የሴቶች ክሪኬት ብሔራዊ ቡድን ናቸው ተባልኩ። ስለ ክሪኬት የማውቀው ሕንዶች እንደሚወዱትና በጠፍጣፋ እንጨት ኳስ እንደሚመታበት ብቻ ነበር። ወደ ዓለም ዋንጫ የሚያሳልፈው የአፍሪካ ማጣሪያ በሌላ አገር ስለሚደረግ ወደዚያ እየሄዱ ነው። ያገኙት ትኬት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሌሊት የሚያሳድር ስለነበረ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው በኩል እኛ ጋ አረፉ።

የቡድን መሪዋ ማዳም ኢሳታ የሚባሉ፣ ከእኔ የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ገና በር ላይ ሳያቸው እሳቸውም እንደኔ የደከማቸው መሰለኝ። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ቪዛ ተከልክለው፣ የመጡት ለአንድ ቡድን የሚበቁት ብቻ ናቸው። "አንዷ ብትታመምብኝ የምተካት የለኝም" አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ገና ፓስፖርቶቹን ሳልመልስላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ልምምድ አደረጉ። ለመስኮቶቻችን ፈርቼ ወጥቼ ቆምኩ። ከመቺዋ ጀርባ ቁጢጥ ብላ፣ ትላልቅ ጓንት አጥልቃ ያመለጠውን ኳስ ሁሉ የምትይዝ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ፋቱ ትባላለች። ሃያዎቹን ገና የጀመረች ናት። የየካ አየር ትንፋሽ እያሳጠራት በየመሀሉ መሬት ላይ ትቀመጥና ትስቃለች። አንድም ኳስ ወደ መስኮቱ አላሳለፈችም።

ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ወጥ ቤት መጥታ ለብ ያለ ውሃ በጨው ለመነችኝ። ጣቷ አብጦ ነበር። እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ስለ ጨዋታው አስረዳችኝ። ከማጣሪያው የሚያልፉት ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ባለፈው ጊዜ በጥቂት ነጥብ ተበልጠው ቀርተዋል። ከዚያ ደግሞ ሳልጠይቃት ስለ እናቷ ነገረችኝ። ፋቱ ለጉዞ ስትወጣ እናቷ በየምሽቱ ዱዓ እያደረገች ድምጿን ቀርጻ በስልክ ትልክላታለች።

ከሰዓት በኋላ የማዳም ኢሳታ ስልክ ሲጠራ እንግዳ መቀበያው ጋ አብረን ነበርን። የሚናገሩት በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም። ፊታቸውን ግን አየሁ። ስልኩን ከዘጉ በኋላም እጃቸውን ከጠረጴዛዬ ላይ አላነሱም።

"የፋቱ እናት አርፋለች" አሉኝ። "ዛሬ ንጋት ላይ። ቀብረዋታል።"

ውሃ ቀዳሁላቸው። የደወለው የፋቱ ታላቅ ወንድም ነው። ማጣሪያው እስኪያልቅ እንዳትነግሯት ብሎ ለምኗቸዋል። ቀብሩ አልፏል፣ ብትመጣም የምታደርገው የለም፣ የሁለት ዓመት ልፋቷ ይበላሻል ብሏል። እሳቸውም በድንጋጤ እሺ ብለው ቃል ሰጥተዋል።

ለምን ለእኔ እንደነገሩኝ አላውቅም። ምናልባት ከቡድኑ ውጪ ስለሆንኩ ነው። ምናልባትም ሌላ ሰው አጠገባቸው ስላልነበረ።

እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ለሰው ብዙም የማላወራውን ነገር ለእሳቸው አወራኋቸው። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ እያለሁ አባቴ ሞተ። ትምህርቷን ትጨርስ ብለው ደበቁኝ። ስደውል ገበያ ሄዷል፣ ተኝቷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል ይሉኛል። የተመረቅኩበትን ጋዋን በፌስታል ይዤ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ከፈረሰ ወራት አልፈዋል። ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። እናቴ እንኳ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እኔ ብቻዬን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ያደረጉት ሁሉ ለእኔ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ግን ስልክ ላይ ደህና ነው ያሉኝን ድምፆች ሙሉ በሙሉ አምኜ አላውቅም።

ማዳም ኢሳታ ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አዝናለሁ" አሉኝ። "ግን አንቺ ተማሪ ነበርሽ። እኔ ይህን ቡድን እዚህ ያደረስኩት ስንት ደጅ ጠንቼ ነው። ያለ እሷ ከመቺዋ ጀርባ ዊኬቱ ላይ ቆሞ ኳስ የሚይዝ ሰው የለኝም። ሌሎቹስ ልጆች? ልፋታቸው ልፋት አይደለም?"

እውነታቸውን ነው። ወደ ክፍሎቹ ገብቼ አንሶላ መቀየር ጀመርኩ።

ወደ ማምሻው ላይ ወሬው ለሁለት ልጆች በስልካቸው ደርሶ ነበር። ፋቱን ማየት አቃታቸው። አንዷ የራሷን ሹራብ አውጥታ ብርድ ነው ልበሺ ትላታለች። ሌላዋ በማያስቅ ነገር ትስቃለች። ፋቱ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ከዚያ ተነስታ እኔ ጋ መጣች።

"አንቲ፣ ስልኬ ሳይበላሽ አልቀረም" አለችኝ። "እናቴ እስካሁን አልላከችም። ወንድሜም አያነሳም። በእርስዎ ስልክ ልሞክር?"

ሰጠኋት። ቁጥሩን በቃሏ ነው የደወለችው። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ደግማ ሞከረች። ስልኬን በሁለት እጇ መለሰችልኝና "ሶላት ላይ ይሆናሉ" አለች። እኔን ይሁን ራሷን ለማሳመን አላውቅም።

ማዳም ኢሳታ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ፋቱ ከሄደች በኋላ ቀረብ ብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

"እናንተ አገር ይህ ነገር እንዴት ነው የሚነገረው?" አሉኝ።

"ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ትልልቅ ሰዎች አጠገቧ ሆነው።"

"እዚህ ዘመድ የላትም።"

"እርስዎ አሉ።"

"እኔ አለቃዋ ነኝ። ክርስቲያንም ነኝ" አሉ። "ሙስሊሞቹ ልጆች ደግሞ ሁሉም ልጆች ናቸው። እንደሷ ሙስሊም የሆነች አንዲት ትልቅ ሴት ብትኖር..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እኔ ግን ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወዴት እንደምሄድ በደንብ አላሰብኩም። የእኛ ጉባኤ እህቶች ብጠራቸው ሁሉም ይመጡ ነበር፤ ግን የእኛ ጸሎት ነው የሚሆነው። የሰፈሬ ሙስሊም ጎረቤቶች ደግሞ በዚያው ሰሞን መንገዱ ሲቆፈር ቤታቸው ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ታክሲ ይዤ ላምበረት ወረድኩ። አውቶቡስ ተራው አካባቢ ለመንገደኛ ብርድ ልብስና ሻንጣ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። የመግሪብ አዛን እየተባለ ነበር። አንዱ ሱቅ ውስጥ በእድሜ የገፉ፣ ሻርፕ የለበሱ ሴት በስልክ በኦሮምኛ ሲያወሩ አየሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ጨርሰው ቀና አሉ።

"ምን ልስጥሽ ልጄ?"

ምን እንደምል ጠፋኝ። "አያውቁኝም። ልገዛ አይደለም የመጣሁት" ብዬ ጀመርኩና ነገሩን እንዳመጣልኝ ተናገርኩ። የክሪኬቱን ነገር ለማስረዳት ስሞክር የባሰ ተወሳሰበብኝ። በመጨረሻ "እናቷ ሞታባት ያልሰማች የሰው አገር ልጅ አለች፤ ሙስሊም ናት፤ ነገ ጠዋት ልንነግራት ነው" አልኩ።

ሴትዮዋ ስልካቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል ብዬ ሰጋሁ።

"አባትስ አላት?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"ከሱብሒ ሶላት በኋላ እመጣለሁ። ቤቱ የት እንደሆነ ንገሪኝ።"

"መኪና አይገባም፤ ጭቃ ነው።"

"እግር አለኝ" አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ "ቋንቋዋን አልችልም። ምን እላታለሁ?"

"ምንም አይበሏት። አጠገቧ ቁጭ ይበሉልኝ" አልኳቸው።

ስማቸው ወይዘሮ ዘሃራ ነው። ሲነጋጋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ በሩ ላይ ደረሱ። ቴምር በፌስታል ይዘዋል። ጫማቸውን አውልቀው ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። ማዳም ኢሳታ ሰላም ብለዋቸው አጠገባቸው ሆኑ። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ የማታውቅ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠበቁ። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ።

ፋቱ በነጠላ ጫማ መጣች። ልምምድ የተጠራች መስሏት ጓንቷን በብብቷ ይዛለች። ወይዘሮ ዘሃራን ስታይ ደፉ ላይ ቆመች።

"እኚህ ማን ናቸው?" አለች።

ያኔ የገባት ይመስለኛል። ማዳም ኢሳታ ተነስተው ሁለት እጇን ያዙና በቋንቋቸው ነገሯት። አጭር ነበር።

ወይዘሮ ዘሃራ ከተቀመጡበት፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሞት ሲሰማ የሚባለውን "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ።

የፋቱ ከንፈር ተከትሏቸው ሄደ። ቃሉን አብራቸው ጨረሰች። ከዚያ ወለሉ ላይ ወርዳ ፊቷን የማታውቃቸው ሴት ጭን ላይ ደፋች። ወይዘሮ ዘሃራ ጀርባዋን እያሻሹ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ያዋሯት ጀመር። "እናት ናት እኮ፣ አልቅሺ፣ አልቅሺ የኔ ልጅ" ይሏታል። አንድም ቃል አይገባትም። ግን ስትሰማ ነበር።

ቆይታ ቀና አለች። "መቼ ነው?" አለች በእንግሊዝኛ።

"ትናንት ንጋት ላይ" አሉ ማዳም ኢሳታ።

"ተቀብራለች?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ትናንት ኳስ ስይዝ አልነበረችም" አለች። ከዚያ በሩ ጋ የተሰበሰቡትን ጓደኞቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። "ማን ማን ያውቅ ነበር?" ሁለቱ ልጆች አንገታቸውን ሲደፉ አየች። እኔንም አየችኝ። እኔም ደፋሁ።

ወይዘሮ ዘሃራ ረፋድ ላይ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ቴምሩን በእጃቸው አጎረሷት። እኔ ሸኘኋቸው። "ስትሄድ ደውይልኝ" ብለው ቁጥራቸውን ሰጡኝ።

በረራው ከሰዓት በኋላ ነበር። ማዳም ኢሳታ ለፋቱ፣ ነገ ወደ አገርሽ የሚሄድ አውሮፕላን አለ፣ ከፈለግሽ በዚያ ትሄጃለሽ፣ ከፈለግሽ ከእኛ ጋር፣ አንዱንም ብትመርጪ አልቀየምሽም አሏት። ከዚያ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለማረፍ ብለው ሲቀመጡ አላየኋቸውም ነበር።

ፋቱ አየር ልውሰድ ስትል አብሬያት ወጣሁ። ከግቢያችን ጀርባ በባህር ዛፉ መሀል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ቀጭን መንገድ አለ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ትንሽ ትሄድና ትንፋሽ አጥሯት ትቆማለች። እኔም ከእሷ ባልተናነሰ አለከልክ ነበር። አንድ የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ከተማው ከታች በደመና ተሸፍኖ የቀለበት መንገዱ የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"እናቴ ጨዋታው አንድም ቀን ገብቷት አያውቅም" አለችኝ። "ማን አሸነፈ ብላ አትጠይቅም። በልተሻል ወይ ነው የምትለው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?"

"እኔ የምመርጥበት ዕድል አልነበረኝም" አልኳት። "ስለዚህ አላውቅም። የማላውቀውን ልነግርሽ አልችልም።"

መልሴ ያበሳጫት መሰለኝ። ፊቷን አዞረች። ረጅም ጊዜ ቅጠል እየቆራረጠች ቆየች። አንዲት ባልቴት በቅጠል የተጫነ አህያ እየነዱ በአጠገባችን ሲያልፉ "እንደምን ዋላችሁ" አሉን። ፋቱ በእጇ ደረቷን ነክታ መለሰችላቸው።

"ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ" አለች በመጨረሻ። "እዚያ ምን እንደምሠራ አውቃለሁ። ኳስ ሲመጣ እይዛለሁ። ቤት ግን ምን እንደምሠራ አላውቅም።"

በጭቃው እየተንሸራተትን ወረድን።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የጨዋታ ዕቃቸውን ተሸክመው በጭቃው ወረዱ። ፋቱ በትህትና ጨበጠችኝ፤ አላቀፈችኝም። መኪናቸው ወደ ጉርድ ሾላ ሲታጠፍ ለወይዘሮ ዘሃራ ደወልኩና የት እንደምትሄድ ነገርኳቸው። "አላህ ይከተላት" አሉና ገበያተኛ መጥቶባቸው ዘጉት።

ማጣሪያውን በስልኬ እንግዳ መቀበያው ላይ ሆኜ ተከታተልኩ። ኔትወርኩ ይቆማል፣ ይቀጥላል። ሕጉ ብዙም ስለማይገባኝ የማየው ፋቱን ብቻ ነበር። ከመቺዋ ጀርባ ቁጢጥ ትላለች፣ ኳሱን ትይዛለች፣ ትመልሳለች። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አሸነፉ። ለማለፍ የመጨረሻውን ማሸነፍ ነበረባቸው። ያን ቀን አንድ ኳስ የጓንቷን ጫፍ ነክቶ አምልጧት ከሜዳው ሲወጣ አየሁ። ተሸነፉ። ልዩነቱ ትንሽ ነበር ተብሏል። ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቷን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ማዳም ኢሳታ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም፤ እንግዳ መጥቶ ክፍል ይጠይቀኝ ነበር።

የፋቱ ወንድም ለማዳም ኢሳታ ደውሎ ቃልሽን በልተሻል፣ ልጅቷንም ቡድኑንም ያበላሸሽው አንቺ ነሽ እንዳላቸው በኋላ ጻፉልኝ። ቡድኑን የላኩት ኃላፊዎችም ለምን ሳያማክሯቸው እንደነገሯት ጠይቀዋቸዋል። "አልቆጨኝም" ይላል መልእክታቸው፣ "ግን ለጊዜው ቡድን መምራት ይበቃኛል።" እኔ ባልናገር ኖሮ ይህ ባልደረሰባቸው ነበር ብዬ ብዙ ቀን አስቤያለሁ።

ከፋቱ የድምፅ መልእክት የመጣልኝ ወራት ቆይቶ ነው። ጠዋት ነበር፤ አልጋ ማንጠፌን ትቼ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ቤት ከገባች ቆይታለች። የእናቷን መቃብር አይታለች። "አንቲ፣ በእናንተ ተናድጄ ነበር" ትላለች። "አንዳንድ ቀን ባትነግሩኝ ኖሮ ያን ኳስ እይዘው ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ባትነግሩኝ ኖሮ ቤት ስገባ ማን እንደምሆን ሳስበው እፈራለሁ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ያችን ሴትዮ ግን አመስግኑልኝ። ሽታዋ የእናቴን ይመስል ነበር።"

ያኔውኑ ለወይዘሮ ዘሃራ ደወልኩና መልእክቱን አደረስኩ። "ሳሙና ነው" አሉ፣ "ከሱቄ የምወስደው ሳሙና ነው።" ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም።

ለፋቱ መልስ ለመላክ ቀናት ወሰደብኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። በመጨረሻ የትኛው እንደሚሻል እኔም እንደማላውቅ፣ ሁለቱንም እንደማምናት ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን።

ደግ ሠራሁ ብዬ አልኮራም፤ አጠፋሁ ብዬም አላዝንም። ሳስበው ከደስታና ከጸጸት ይልቅ የሚሰማኝ ድካም ነው፤ ከባድ ዕቃ ተጋግዞ ዳገት ካወጡ በኋላ የሚሰማ ዓይነት ድካም። ፋቱ አሁንም ትጫወታለች። ለሚቀጥለው ማጣሪያ በአዲስ አበባ በኩል ከሄዱ እንደምትደውልልኝ ነግራኛለች። ብትደውል ደስ ይለኛል። ባትደውልም አልቀየማትም።